በር ላይ አንድ ጊዜ መጠየቅ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አንድ አንባቢያችሁ ባለፈው እትም «ራሱን ለማጥፋት የቆረጠ እስረኛ ምንም ቢደረግ አይመለስም» ሲሉ የጻፉትን አንብቤ እንቅልፍ ነሳኝ። በማረሚያ ቤት ክሊኒክ 19 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ገቢ ወጣቶችን መጀመሪያ የማነጋግረው እኔ ነበርኩ። ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአንዱን ነገር ላንሳ። ዕድሜው 18 ነው፤ ገና ያልተፈረደበት የቀጠሮ እስረኛ። ያመጡት ሲመሽ ነበር። እንደ ወትሮው ቅጹን አውጥቼ ጠየቅሁት። የምትወስደው መድኃኒት አለ? ከዚህ ቀደም ራስህን ጎድተሃል? ራስህን የማጥፋት ሐሳብ አለህ? ለሁሉም «የለም» አለኝ። ዘቡ ከጀርባው ቆሞ የካቴናውን ቁልፍ ያንቃጭላል። በሩ ክፍት ነው፤ ደጅ ስድስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። እኔም ፊቱን በቅጡ ሳላየው «ስጋት የለበትም» ከሚለው ፊት ምልክት አደረግሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ማን «አዎ» ይላል?

በ11ኛው ቀን ዋስትና ተከልክሎ ከችሎት ተመለሰ። ማታ ሹራቡንና ጫማውን ለክፍል ጓደኞቹ አደለ። ጓደኞቹ ደግነት መሰላቸው። አንድ በዕድሜ የገፉ ታራሚ ግን ነገሩ አላማራቸውም፤ ተረኛውን ጠርተው «ይህ ልጅ እየተሰናበተን ነው» አሉት። ተረኛው አላጣጣላቸውም፤ እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ። ልጁን ወደ ክሊኒኩ አስመጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ዘቡን ከመስታወቱ ማዶ አቁሜ ያንኑ ጥያቄ በግልጽ ቋንቋ ደገምኩለት። ብዙ ዝም አለ። በባዶ እግሩ ጣት ሲሚንቶውን ይጭር ነበር። ከዚያ «ዛሬ ሌሊት ነበር» አለኝ፤ ቀጥሎም «እናቴ ችሎት አልመጣችም»።

ብዙ ሰው እንዲህ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብሎ ይፈራል። አያስገባም። ይልቁንም የታፈነው ሰው መተንፈሻ ያገኛል።

ልጁን ለብቻው ክፍል እንዲቆለፍ ያዘዙም ነበሩ፤ ለደኅንነቱ ሲባል። አጥብቄ ተቃወምኩ። ለብቻ መቆለፍ ስጋቱን ያባብሰዋል እንጂ አያስታግሰውም፤ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ያጸደቃቸው ደንቦችም ነፃነታቸውን የተነፈጉ፣ 18 ዓመት ያልሞላቸውን ታዳጊዎች ለቅጣት እንኳ ለብቻ ማሰርን ይከለክላሉ። ልጁ በዕድሜ ከዚያ ቢያልፍም ፍርሃቱ የልጅ ፍርሃት ነበር። እኒያ አዛውንት አጠገባቸው አስተኙት፤ ተረኛው ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሰ አየው። በማግስቱ ለእናቱ ተደወለ። ለካ ቀኑ ተሳስቶ ተነግሯቸው አንድ ቀን ቀድመው ችሎት ሄደው፣ ሲጠብቁ ውለው ተመልሰዋል!

የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ ማንኛውም ታራሚ እንደገባ በተቻለ ፍጥነት የጤና ባለሙያ እንዲያየውና ራስን የማጥፋት ስጋት ካለ እንዲለይ ያዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እጅግ አስጊ ስለሆኑ ትእዛዙ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥራው እዚያ ያለቀ የሚመስላቸው ኃላፊዎች ብዙ ናቸው። ለእንግሊዝ የጤና አገልግሎት መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 በነጥብ መለኪያ ማን ራሱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይ አትሞክሩ ብሏል፤ ይልቅ ሰውየው ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁ ነው ምክሩ። የወጣት ልብ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ይገለበጣል። ሰኞ የሞላሁት ቅጽ ስለ ሐሙስ ምን ይነግረኛል? ከችሎት ሲመለስ፣ ሲፈረድበት፣ የሚጠብቀው ጠያቂ ሲቀርበት፣ መርዶ ሲሰማ እንደገና መጠየቅ አለበት፤ ያውም ዘብ በማይሰማበት ክፍል።

ለኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። የዚያን ሌሊት ተረኛ መዝገብ በኋላ አይቼዋለሁ። የቁልፍ ብዛት የሚጻፍበት ዓምድ አለው፤ የእስረኛ ብዛት የሚጻፍበት፣ የተበላሸ አምፖል የሚጻፍበትም አለው። ተረኛው አዛውንቱ የነገሩትን የሚጽፍበት ቦታ ስላጣ ግን በገጹ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል «ልጁ ጫማውን ሰጠ፤ ነርስ ተጠርታለች፤ ተረካቢ ይከታተል» ብሎ ጽፎታል። ለዚህ ዓይነቱ ቃል አንድ ዓምድ ይጨመርልን።

ጡረታ የወጣሁ የማረሚያ ቤት ነርስ
(ስሜ እንዳይገለጽ እጠይቃለሁ)