ፎቶው ሞልቷል፣ ማን ያግኘው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የፎቶ ክፍል ነው። ሰሞኑን የጃን ሜዳን የጥምቀት ፎቶ አምጡ ተባልን። ፎቶውማ ሞልቷል፤ ጉዱ ያለው ፎቶው በኮምፒውተር ሲፈለግ እንዲገኝ በሚጻፍለት ቁልፍ ቃል ላይ ነው። አንዱ «ጥምቀት» ብሎታል፣ ሌላው «የጥምቀት በዓል»፣ ሌላው «ከተራ»። ከተራ እኮ ጥር 10 ነው! የፊደሉ ነገር ደግሞ አይነሳ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይተዋወቁም።

አሁን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ ቃላቱን እያጸዳን ነው። አንዱን አጻጻፍ እንመርጣለን፣ በሌሎቹ የተመዘገቡትን ፎቶዎች ወደ እሱ እናዛውራለን፣ ባዶ የቀረውን ቃል እናጠፋለን። ቢሾፍቱ ላይ ደብረ ዘይትን፣ አዳማ ላይ ናዝሬትን በተመሳሳይ ቃልነት እናስገባለን። የቀድሞው ስም ይሰረዝ በሚሉት አልስማማም፤ አንጋፋዎቹ የሚፈልጉት በእሱ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚለውን ግን ያለ ርኅራኄ ነው የማጠፋው። «ልዩ ልዩ» ብሎ ፎቶ የሚፈልግ ማን አለ?

እናንተም ዘንድ የድሮ ፎቶ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ቦታውንና ሰዉን የሚያውቁ ባልደረቦቻችሁን ጡረታ ሳይወጡ አስጽፏቸው። ዓመቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ፣ እሱም ይለይ።

ከሰላምታ ጋር
የፎቶ ክፍል ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ