የባዝ ወንበር እና የወሎ ምርጫ ክልሎች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጃንሆይ በስደት ስለቆዩባት ባዝ ከተማ ያወጣችሁትን ጽሁፍ እዚህ ደሴ ሆነን ተቀባብለን አነበብነው፣ ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበትን ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት በኋላ በ1958 ለከተማው መስጠታቸውንም ጽፋችኋል፣ እግዜር ይስጥልን (እኔም ቀኑንም ዓመቱንም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግን ባዝ የእንግሊዝ ፓርላማ ምርጫ ክልልም ናት፣ የዛ ወንበር ታሪክ ደግሞ ለኛ ለወሎ ሰዎች ብዙ የሚነግረን ነገር ስላለው እሱ መቅረቱ ቆጭቶኝ ነው የጻፍኩት።

ባዝ ለፓርላማ ሰው መላክ የጀመረችው በ1295 ነው፣ እስከ 1918 ድረስም ሁለት ሁለት እንደራሴ ነበር የምትልከው። መራጩ ግን ማን መሰላችሁ? የምርጫ ህጉ እስከተሻሻለበት እስከ 1832 ድረስ ከንቲባውና የከተማው ምክር ቤት አባላት ብቻ ናቸው፣ ቢቆጠሩ ወደ 30 ሰው! ያ ሁሉ የከተማ ህዝብ ቁጭ ብሎ ያያል። ስሙ የገነነው ፖለቲከኛ ትልቁ (አባትየው) ዊሊያም ፒት እንኳን ከ1757 እስከ 1766 የባዝ እንደራሴ የነበረው በነዚህ ጥቂት ሰዎች ድምፅ ነው፣ በ1763 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገውን ስምምነት እሱ አጥብቆ ሲቃወም እነሱ ደግሞ ደግፈው ለንጉሡ ጻፉና ተቀያየሙ። ድምፅ በሚስጥር መስጠት የመጣው በ1872 ነው፣ ሴቶች ከወንድ እኩል የመረጡት በ1928። እንግሊዝም ዴሞክራሲን ከሰማይ አላገኘችውም ለማለት ነው።

አሁን ደሴን ወደሚነካው ልምጣ። ህዳር 14 ቀን 1935 እንግሊዝ ምርጫ አደረገች፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የባልድዊን መንግስት የመንግስታቱን ማህበር ደግፈን ወራሪን እናስቆማለን እያለ ቀስቅሶ አሸነፈ፣ የባዝን ወንበርም ከ1931 ጀምሮ የያዘው ወግ አጥባቂው ሎዌል ጊነስ መልሶ ወሰደው። ሶስት ሳምንት አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ታህሳስ 6 ቀን፣ የጣልያን አውሮፕላን ደሴን ደበደበ፣ ቤት ነደደ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ፣ ጃንሆይም ራሳቸው ደሴ ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ጋር ተቀምጦ የሀገራችንን ሰፊ መሬት ለሙሶሎኒ ለመስጠት ተስማማ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ የእንግሊዝ መራጭ ተቆጣ፣ ለየእንደራሴው የቁጣ ደብዳቤ ጎረፈ፣ ገና ባለፈው ወር የመረጣቸው ህዝብ ነውና እንደራሴዎቹ ደነገጡ፣ ሆር ታህሳስ 18 ስልጣኑን ለቀቀ። ኢትዮጵያን አላዳናትም፣ በጣልያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብም በ1936 ሐምሌ አነሱት፣ ይሄን እናውቃለን፣ ያማል። ግን አንድ መራጭ ለወኪሉ ደብዳቤ ጽፎ ሚኒስትር እንዲወርድ ማድረግ እንደሚችል ያየነው በኛው በደሴ ጉዳይ ነው፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው ታሪክ የ1992ቱ ምርጫ ነው። የባዝ እንደራሴ ክሪስ ፓተን ይባላል፣ ተራ ሰው አይደለም የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ሊቀመንበር ነው፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የጆን ሜጀርን የምርጫ ዘመቻ የመራው እሱ ነው። ያን ቀን ፓርቲው በሀገር ደረጃ ማንም ሳይጠብቅ ለአራተኛ ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ፣ ሊቀመንበሩ ግን በራሱ ከተማ በሊበራል ዴሞክራቱ ዶን ፎስተር ተሸነፈ! ሰው እንደሚለው አንዱ ምክንያት ያ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው ግብር ነው፣ ፓተን ሚኒስትር ሆኖ ያስፈጸመው ስለነበር ህዝቡ ይዞበታል፣ የሌበር (የሰራተኞች ፓርቲ) ደጋፊዎችም የኛ ሰው እዚህ አያሸንፍም ብለው ብዙዎቹ ድምፃቸውን ለፎስተር ሰጡ። ማንም ቆጠራውን አልቀለበሰም፣ ሌላ ወንበር ተፈልጎም አልተሰጠውም፣ ሰውየው በዛው ዓመት የሆንግ ኮንግ የመጨረሻ ገዢ ሆኖ ሄደ። ፎስተር እስከ 2015 ቆየ፣ እሱ ሲወጣ ወግ አጥባቂው ቤን ሃውሌት ያዘው፣ ግን ሁለት ዓመት ብቻ፣ በ2017 ዌራ ሆብሃውስ ወንበሩን ለሊበራል ዴሞክራቶች መለሰችው፣ በ2019ም በ2024ም ደገመች።

ይሄን ሁሉ እንግሊዝ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል፣ ማን ስንት ድምፅ አገኘ፣ ማን ሁለተኛ ወጣ፣ በስንት ተበለጠ። የኛስ? እኛም እኮ የምንመርጠው እንደነሱ ነው፣ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያልፋል፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 54 ላይ ተጽፏል። አንቀጽ 12 ደግሞ ህዝብ አመኔታ ያጣበትን ወኪል መልሶ መጥራት እንደሚችል ይላል፣ እንግሊዞች እንዲህ ያለ ህግ ያወጡት በ2015 ነው፣ ያውም በቅድመ ሁኔታ፣ ከተመዝጋቢው መራጭ 10 በመቶ ፈርሞ። እኛ ጋ ከ1995 ጀምሮ ወረቀት ላይ አለ፣ ግን ደሴ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ወኪልህ ማነው ብላችሁ ሰው ብትጠይቁ ስንቱ ይመልስላችኋል?

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው፣ የደሴን፣ የኮምቦልቻን፣ የወልድያን፣ የላሊበላን፣ የከሚሴን፣ የመካነ ሰላምን ምርጫ ክልሎች አንድ በአንድ ታሪካቸውን አውጡልን። ከ1957ቱ የመጀመሪያ ምርጫ ጀምሩ፣ ያኔ ፓርቲ የለም፣ ተወዳዳሪው ንብረት ሊኖረው ይገባል፣ በየምርጫ ክልሉም እንደ ድሮዋ ባዝ ሁለት ሁለት ነበር የሚመረጠው። አባቶቻችን የመረጡትን ሰው ስም የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ገና አሉ፣ ሳያልፉ ጠይቋቸው። በተለይ በተለይ የ1973ቱን አትለፉት፣ ወሎ በረሃብ እያለቀ በነበረበት ዓመት ምርጫ ተደርጎ ነበር፣ ከኛ ሀገር የተመረጡት ሰዎች እነማን ነበሩ፣ ፓርላማ ገብተው ስለ ረሃቡ ተናግረዋል ወይስ ዝም ብለዋል? ይሄን ፈልጋችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ