እንጦጦ የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፉት ሁለት እትሞቻችሁ ስለ አዲስ አበባ ፎቆች የወጡትን ሁለት ደብዳቤዎች አነበብኩ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ከተማችን ዱባይን ለመድረስ ትንሽ ነው የቀራት ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ "የመስታወት ክምር" ብለው ሁሉንም ባንድ ላይ ጠራርገው ጣሉት። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን እንጀራዬ እዚሁ ላይ ስለሆነ እጄን በላኝ። አልሙኒየምና መስታወት ስገጥም አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ "ክምር" ውስጥ የኔም እጅ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ስድቡ ይመለከተኛል፣ ውዳሴውም እንዲሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለቱም ጸሐፊዎች ከተማዋን ያዩዋት ከየት ቆመው ነው? ምክንያቱም ፈረንጆቹ ስካይላይን የሚሉት ነገር፣ ከተማ ከሩቅ ስትታይ ሰማዩ ላይ የምታሰምረው መስመር ማለት ነው፣ እንደ ሕንፃ አንድ ቦታ ተተክሎ አይጠብቅህም። አንተ በተንቀሳቀስክ ቁጥር እሱም ይንቀሳቀሳል። ከደብዳቤው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ በድሮን የተነሳ ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያይ ወፍ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የሆነውን ልንገራችሁ። እህቴ ከአሜሪካ መጥታ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ዋሽንግተን አፍንጫ ሥር። የአክስቴ ልጅም ዱባይ ዘጠኝ ዓመት ሹፌር ሆኖ ሠርቶ ገና መመለሱ ነው። እናቴን ጨምረን አራት ሆነን ቦሌ መንገድ አንድ ሕንፃ አናት ላይ ያለ ካፌ ወጣን። ወጣን ስል፣ ሊፍቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ መብራት ሄዶ ቆመ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በጨለማ ስንጸልይ ቆየን፤ ከዚያ የቀረውን በእግር። እናቴ በየደረጃው አረፍ እያለች "ይሄን ያህል ወደ ላይ ምን ጣላችሁ?" ትላለች።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ አየሩ ታጥቦ ጥርት ብሏል። ፀሐይ ልትገባ አካባቢ ነበር። የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ ብርሃኑን ይዞ ቆሟል። ሰንጋ ተራ ያሉት የባንክ ፎቆች በዙሪያው ተደርድረዋል። እኔ በውስጤ ኮራ ብያለሁ። እንግዶቼ "ወይ ጉድ!" እስኪሉ እየጠበቅኩ ነው።

የአክስቴ ልጅ አንዴ ዞር ዞር አለና "ይሄ ምኑ ይታያል?" አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ቡርጅ ኻሊፋን ያሳየን ጀመር። 828 ሜትር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ጥር ላይ የተከፈተ። እህቴ ግን አፏን ከፍታ ቀረች። "ይሄ ሁሉ መቼ ተሠራ? እኛ ጋ እኮ እንዲህ ያለ ፎቅ የለም!" አለች። የአክስቴ ልጅ ሳቀባት። አሜሪካ ፎቅ የለም ትላለች ብሎ።

እሷ ግን እውነቷን ነው። ዋሽንግተን ላይ ፎቅ በሕግ ተገድቧል፣ ያውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1910 ጀምሮ። እህቴ "ከካፒቶል፣ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ጉልላት እንዳይበልጥ ነው" አለችን። እዚያ ያለ አበሻ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወራው መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ የሕንፃውን ቁመት የሚያስረው ፊት ለፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ጋር ነው። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ከፍ ትላለህ፣ ጠባብ ከሆነ ታጥራለህ። የሆነ ሆኖ አብዛኛው ቦታ ላይ ከ40 ሜትር አትዘልም። ረጃጅሙን ለማየት ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ ሮዝሊን መሄድ ነው። የዓለም ኃያል አገር ዋና ከተማ ሆና ቁመቷ የኛን ግማሽ አያህልም፣ እሷም አላፈረችበትም።

የመንገዱን ስፋት ነገር ሳነብ ግን የኛን ሰፈሮች ነው ያሰብኩት። ሁለት መኪና ተጠጋግቶ በማይተላለፍበት ቅያስ ላይ አስራ ሁለት ፎቅ ስንት ጊዜ መስታወት አልብሻለሁ! ክሬኑ መግቢያ አጥቶ በሰው ኃይል ወደ ላይ የጎተትንበት ጊዜ አለ። ያን ሕንፃ ከሩቅ ስታዩት ቅልጥ ያለ ነው። ሥሩ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ግን አንገታችሁን ያማችኋል እንጂ ምንም አይታያችሁም።

ወደ ካፌው ልመለስ። እኛ ስንከራከር እናቴ የሰጠናትን ማኪያቶ ትታ በአጥሩ ጥግ ወዲያና ወዲህ ትላለች። አንገቷን ታሰግጋለች። ምን ጠፋሽ ብላት "ማርያም የታለች?" አለች። እንጦጦ ማርያምን ማለቷ ነው። እናቴ ሽሮ ሜዳ ነው ያደገችው። ከተማው ውስጥ የትም ብትሄድ መጀመሪያ ተራራውን ፈልጋ ነው ሰሜንና ደቡቡን የምትለየው። የእሷ ካርታ እሱ ነው። ያን ቀን ግን ከካፌው ጎን አዲስ የተነሳ ሕንፃ፣ ገና መወጣጫው ያልወረደለት፣ ተራራውን ከመሃሉ ቆርጦታል። ከዚህ ወገን ትንሽ ሰማያዊ ጫፍ ታያለች፣ ከዚያ ወገን ትንሽ። "እንጦጦን የት አስገባችሁት?" አለችኝ። እኔ ብቻዬን የሠራሁት ይመስል! የአክስቴ ልጅ "አክስቴ፣ መነጽርሽን ቀይሪ፣ እዚያው ነው ያለው" ብሎ አሾፈባት።

እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዱባዩም፣ የዋሽንግተኑም ክርክር ጠፍቶ የእናቴ ጥያቄ ብቻ ቀረ።

ነገሩን ሳየው እንዲህ ነው። ዱባይ በረሃ ላይ ነው የተሠራችው፣ መሬቷ እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው። እዚያ ሰማዩ ላይ መስመር እንዲኖር ከተፈለገ የሚያሰምረው ሕንፃ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለማ። ለዚህም ነው እስከ ሹሉ የሚያስረዝሙት፤ ከቡርጅ ኻሊፋ ቁመት ከ240 ሜትር በላዩ ሰው የማይገባበት ጫፍ ነው። የኛ ረጅሙ ሕንፃ ተነቅሎ እዚያ ሹል ውስጥ ቢከተት ይገባል። በዚህ ከነሱ ጋር መፎካከር ምን ይሉታል? የሰው ወርቅ አያደምቅ ነው መቼም። እኛ ግን ከተማው ሳይቆረቆር በፊት የተሰመረ መስመር አለን። ከተማው ራሱ 2,300 ሜትር ላይ ተቀምጧል፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ሆኖ ከኋላው ያየዋል። በነጻ የተሰጠ ነው። ለዚህ ማንም ሲሚንቶ አላቦካም።

ሁለተኛው ጸሐፊ ግን ሁሉን ባንድ ማጣጣላቸው ትክክል አይደለም፣ እዚህ ላይ ሙያዬን ይዤ ልናገር። መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም። የንግድ ባንኩ ሕንፃ በኛ አቆጣጠር በ2014 የካቲት ሲመረቅ እኔ ሥራው ላይ አልነበርኩም፣ የቻይና ኩባንያ ነው የሠራው። ግን ስንቴ ቆሜ አይቼዋለሁ። ፊቱ ልሙጥ አይደለም፣ እንደተጠረበ ድንጋይ ገባ ወጣ ይላል፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ መልኩ አንድ አይሆንም። እግሩ ሥር ደግሞ በንጉሡ ጊዜ የተሠራው ክቡ ባንክ አለ። ክቡን አላፈረሱትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ እኔ ደስ ይለኛል፣ አያትና የልጅ ልጅ ይመስሉኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም፣ ይሁን።

ቁመትስ ቢሆን ማን ነው የሚፈርደው? ፓሪስ ሞንፓርናስ የሚባል ሕንፃ አለ፣ ቁመቱ ከኛ ባንክ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ 210 ሜትር ገደማ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ሲያልቅ ሰዉ አይኑ እንዲያየው አልፈለገም፣ ከአራት ዓመት በኋላ ከተማው ውስጥ ከ37 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። እዚህ የምንኮራበት ቁመት እዚያ አስጠላ። የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ያለበት ማማ ደግሞ 99.9 ሜትር ላይ የቆመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ9/9/1999 ኅብረቱ እንዲቋቋም በሊቢያዋ ሲርት ለወጣው የሲርት መግለጫ መታሰቢያ ነው። ያ ሕንፃ ያረፈበት ቦታ ላይ ዓለም በቃኝ እስር ቤት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ሲያየው ሌላ ነገር ነው የሚያየው። አባቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር፤ አዲሱ ከተሠራ በኋላም አልተወም።

የሚያስጠላው መስታወት የቱ እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለቤቱ ካታሎግ ይዞ ይመጣል፣ ሰማያዊውን በጣቱ ያሳይሃል፣ ሕንፃው ወዴት እንደሚዞር እንኳ አይጠይቅም። ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ውስጡ ዳቦ ይጋግራል። የሚከፈተው መስኮት እንደ ፖስታ ሳጥን ጠባብ ነው፣ ፊቱ እንዳይበላሽ ተብሎ። ላይ ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ። አንድ ቦታ ጥገና ተጠርቼ ስገባ ሠራተኞቹ መስታወቱን ከውስጥ በካርቶንና በጋዜጣ ለጥፈውት አገኘሁ። የእናንተም ጋዜጣ ነበረበት፣ የስፖርት ገጹ። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሱቅ ደግሞ የኛ መስታወት ጨረሩን ወርውሮበት ባለሱቁ ሸራ ዘርግቷል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም አይለኝም። ይሄ ሁሉ በድሮን ፎቶ ላይ አይታይም።

እና ምን ይደረግ ነው የምትለው ትሉኝ ይሆናል። ፎቅ ይቁም አልልም። ልጆቼ የሚበሉት ከሱ ነው። ግን ሆንግ ኮንግን እዩ። በዓለም ላይ እንደ እሷ ፎቅ የደረደረ ከተማ የለም። እነሱም ከኋላቸው ተራራ አላቸው። ከባሕሩ ማዶ ከተመረጡ ቦታዎች ሆኖ ሲታይ፣ ከተራራው ላይኛው 20 በመቶው አካባቢ በሕንፃ እንዳይሸፈን የሚል መመሪያ አወጡ። ሁሉም ሕንፃ አክብሮታል ማለት አይደለም፣ ጥሶ ብቅ ያለ አለ። ቢያንስ ግን ከየት ቆሞ እንደሚታይ ተነጋግረው ቦታውን ሰይመዋል። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። አምስት ስድስት ቦታ እንምረጥ። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ አንድ፣ ለገሃር አንድ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን። ከነዚህ ቦታዎች እንጦጦ መታየት አለበት እንበል። ከዚያ ሌላ ቦታ እንደፈለጋችሁ ርዘሙ፣ መስታወቱን እኔ እገጥማለሁ።

የድሮዎቹ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ለገሃር ሆናችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ላይ እዩ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ዳገቱን ይወጣና መጨረሻው ላይ ማዘጋጃ ቤቱ አለ፣ ሜዜዲሚ የሚባለው ጣሊያናዊ የነደፈው። ያን ያህል ረጅም አይደለም። ግን ቦታውን ስላወቀ ዓይን ሄዶ እሱ ላይ ያርፋል፣ ከጀርባው ደግሞ ተራራው። ስንት ፎቅ ቢነሳ ለኔ የአዲስ አበባ ስካይላይን እሱ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ አይስማሙም ይሆናል፣ አንድ እሁድ ጠዋት ጭሱ ሳይነሳ ሄደው ይዩትና ከዚያ እንከራከር።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁና ልጨርስ። በሚቀጥለው ስለ ከተማው ስታወጡ ድሮኑን ቤት አስቀምጡትና ፎቶ አንሺያችሁን ለገሃር ላኩት፣ በእግሩ ቆሞ ያንሳ። ከሥሩም የቆመበትን ቦታ ጻፉልን። እናቴ እንዳሳያት ነግራኛለች። መነጽሯን ቀይራለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አልሙኒየም ሠራተኛው አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ