የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ዓመቱን የወሰደችው ግጥም

መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ ክበብ ባወጣሁት ዕቅድ 12 ገጣሚዎች ነበሩ። በቅጡ ያነበብነው አንዱን ብቻ ነው። የእሱንም አንዲት ግጥም።

ሮበርት ሄይደን ይባላል። አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ በ1913 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ያሳደጉት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ስሙም የእነሱ ነው። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ከጨዋታ ይልቅ መጽሐፍ ላይ ተተከለ። ሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ሲማር ገጣሚው ኦደን አስተምሮታል። ከ1946 ጀምሮ ደግሞ ናሽቪል በሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ 23 ዓመት አስተማረ። ክፍለ ጊዜው ብዙ ስለነበር ግጥም የሚጽፈው በተረፈችው ሰዓት ነበር። (ይህን ስናገር ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።) በ1976 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የግጥም አማካሪ ሆነ። ቦታውን የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው። በ1980 አረፈ።

ግጥሟ «Those Winter Sundays» ትባላለች፤ 14 መስመር ናት። አባት ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ እጁ ተሰነጣጥቋል። እሁድም በጨለማ ይነሣል፣ እሳት ያያይዛል፣ ቤቱ ሲሞቅ ልጁን ይቀሰቅሳል። ጫማውንም ወልውሎለታል። ያመሰገነው የለም።

ወደ አማርኛ እንመልሳት አልን። ሁለት ሳምንት እንደሚበቃን ገምቼ ነበር፤ እስከ ግንቦት ቆየን። የመክፈቻዋን ቃል ልጆቹ መጀመሪያ «እሁድ» ብለው ጻፉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን «ም» ቀርታለች ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ የተሸከመችው ያቺ ፊደል ናት፤ «እሁድም» ሆነ።

ዋናው ጣጣ የመጨረሻዋ ቃል ነበረች፤ ግጥሟ የምትዘጋው በፍቅር «offices» ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ቢሮ ማለት ነች። «ቲቸር፣ ፍቅር ቢሮ አለው እንዴ?» ተባልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃሏ በቀድሞው ትርጉሟ ግዴታም ነች፣ በየሰዓቱ የሚደርስ ጸሎትም ነች። ይህን ስነግራቸው ዲያቆን የሆነው አባላችን «አገልግሎት ነዋ!» አለ። እኛ መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ እሱ ሌሊት ተነሥቶ የሚሄድበትን ነገር ነው የጠራው።

ርእሷ ግን አሁንም አልተቋጨም። «የክረምት እሁዶች» እንዳንል የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የዲትሮይቱ በረዶ። አንዱ ለጥቅምት አንድ አጥንት እንዲሉ «የጥቅምት እሁዶች» ይሁን አለ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ዲትሮይትን አዲስ አበባ አደረግናት ብሎ አኮረፈ። ትርጉሙ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ የርእሱ ቦታ ባዶ ነው። እርሳስ አጠገቡ አስረንለታል።