ያቺ የላብ ጠብታ

ይድረስ ለሳሚ፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ጠፍቶ እንደዚያ ማለት ግን ሼም ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሃርድ ዲስክህም እስካሁን እኔ ጋ ነው። መቼ ትመልሳለህ ስትለኝ በዚያች የ«ቶታል ሪኮል» ወፍራም ሴትዮ ድምፅ «ሁለት ሳምንት!» እያልኩ ስቀልድብህ ይኸው እዚህ ደረስን። ይቅርታ። የቀረውን ስድብ በአካል ትጨርሰዋለህ፤ አሁን ግን ቸግሮኝ ነው የምጽፍልህ።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አራት ኪሎ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ «ቶታል ሪኮል»ን ለአርባ ልጆች እናሳያለን። የአርኖልድ ሽዋርዜኔገሩን፣ የ1990ውን፤ ያኛውን የ2012ቱን አላልኩህም፣ እሱ ማርስንም ደሙንም ጥሎ ምን ሊቀረው። ፊልሙ ሲወጣ፣ በእኛ ግንቦት 1982፣ የእነዚህ ልጆች ወላጆች እንኳ ገና አልተዋወቁም። ከፊልሙ በኋላ ክርክር አለ፦ ሕልም ነው ወይስ እውነት? የሕልም ወገን እኔ ነኝ። የእውነት ወገን ወንበር ባዶ ነው። እዚያ ላይ ተቀምጦ የሚሟገት፣ እንዳንተ ያለ... ግትር ልል ነበር፣ ይቅር።

የኔ ወገን ማስረጃ ሞልቶታል። ሐሰተኛ የጉዞ ትዝታ ጭንቅላት ውስጥ የሚተክለው የሪኮል ኩባንያ ሻጭ ከግንበኛው ከኩዌድ፣ ከአርኖልዳችን፣ ገና ገንዘብ ሳይቀበል የማርስ ጉዞውን ማለቂያ ይነግረዋል፦ ልጅቷን ታገኛለህ፣ ወንበዴዎቹን ትገድላለህ፣ ፕላኔቷን ሙሉ ታድናለህ። ቴክኒሺያኑ የፕሮግራሙን ስም አይቶ «ሰማያዊ ሰማይ በማርስ» ይላል። ኋላ ማርስ ላይ የሚያገኛት የሜሊና ፊት እዚያው ስክሪን ላይ ይመጣል። ይህ ሁሉ መርፌው ከመሥራቱ በፊት ነው። ከዚያ ደግሞ መጨረሻው፤ ምስሉ እንደሌላው ፊልም ወደ ጥቁር አይጠፋም፣ ወደ ነጭ ነው የሚፈሰው።

አሁን በመሐላችን ይቅርና ላንተ መልሱን ራሴ ልስጥህ። ኩዌድ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ሳለ ሠራተኞቹ ይደናገጣሉ፤ ትዝታውን ገና አልተከልነውም ይላሉ። ያንን ማን አየው? እሱ ደንዝዟል። የማርሱ ገዥ ኮሃገንና ኩዌድን የሚያሳድደው ሪክተር ብቻቸውን ሲነጋገሩስ? አለሚው በሌለበት ሕልሙ እንዴት ይቀጥላል? ይህቺን ይዘህ ከመጣህ አደባባይ ላይ ታዋርደኛለህ።

ግን ሁሉም የሚወድቀው የሚነሳው ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ነው። ዶክተሩ መጥቶ አሁንም ሪኮል ወንበር ላይ ታስረህ ነው ያለኸው ይለዋል፣ መንቃት ከፈለግህ ብሎ ቀይ ክኒን ይሰጠዋል። (ቀይ ክኒን! ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌላ ፊልም ላይ ሲታይ አገር ያጨበጨበለት።) ኩዌድ ክኒኑን አፉ ውስጥ ከትቶታል፣ ሽጉጡ ዶክተሩ ላይ ነው። ካሜራው ይጠጋል። ከዶክተሩ ግንባር አንዲት የላብ ጠብታ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ተኩስ። ክኒኑን ይተፋዋል። ሕልም ውስጥ ያለ ሰው ሞትን አይፈራም፣ ስለዚህ ዶክተሩ እውነተኛ ነው ትለኛለህ፤ ጎበዝ። እኔ ደግሞ እልሃለሁ፦ መንቃት ያልፈለገ ሰው ጠብታዋን ራሱ ይፈጥራታል፤ መተኮስ ለፈለገ ሰው ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም። ዶክተሩ እኮ ከተኮስክ የእውነት ግድግዳ ይናድብሃል ብሎት ነበር። ወዲያው ወታደሮቹ በምን ገቡ? ግድግዳውን አፍርሰው! ዳይሬክተሩ ቨርሆቨን ይህን ሁሉ ሁለቱም ንባብ እንዲያስኬድ አድርጎ ነው የሰፋው፤ አንዱን ክር ስትመዝ ሌላው ይጠብቃል። ፊልሙ የተነሳበት፣ ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1966 የጻፈው አጭር ልቦለድ ውስጥ እኮ ሰውየው ተራ የቢሮ ጸሐፊ ነው፣ ታሪኩም ማርስ ድረስ አይወስደንም።

ደሙን በተመለከተ ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም። መጀመሪያ በአሜሪካ የዕድሜ ደረጃ ለአዋቂ ብቻ የሚለው ኤክስ ተሰጥቶት ተቆራርጦ ነው ቀለል ወዳለው አር የወረደው። ያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ኩዌድ ጋሻ ያደረገው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? መንገደኛ ነው፣ ምንም አላደረገ። በጥይት ተበሳስቶ ሲያልቅ ተጥሎ ይረገጣል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በገንዘብ በተገዛ ሕልም ውስጥ መንገደኛ ዕቃ ነው፣ ይገባኛል። እውነት ነው ካልክ ግን አክተራችን ምን ዓይነት ሰው ነው? ለዚያ ሰውዬ መልስ ይዘህ ና።

የኔ ስጋት የላስቲክ ጭንብሉና አሻንጉሊቱ ነው። እንዳይስቁ እፈራለሁ። እሺ ይሳቁ፣ ግን ኩዌድ ያንን ትልቅ የመከታተያ ኳስ ከአፍንጫው ሲያወጣ፣ እርጥብ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ቀዳዳው እየተለጠጠ... እዚያ ጋ የሚስቅ ካለ ራሱ አፍንጫውን ይዞ ነው። የሜካፕ ባለሙያው የሮብ ቦቲን እጅ ነው፤ የአርኖልድ ሐሰተኛ ጭንቅላት። ከሰውዬው ሆድ የሚወጣው ኩዋቶም ብዙ ሰው ተጋግዞ የሚያንቀሳቅሰው አሻንጉሊት ነው፣ የማርስ ተራራና ሸለቆውም ሞዴል ነው። ብርሃኑ ተዋናዩ ላይ እንዳረፈ እነሱም ላይ አርፏል፣ ዓይን አይከራከርም። ኮምፒውተሩ የገባው ሰዎች በኤክስሬይ መፈተሻ ሲያልፉ አጽማቸው የሚታይበት ጋ ነው፤ የሰው እንቅስቃሴ ቀድተው አጽሞቹን ሊያራምዱ ሞከሩ፣ ዳታው አልሆነላቸውም፣ በመጨረሻ አኒሜተሮች በእጅ ጨረሱት። ለእይታ ውጤቱ የተለየ ኦስካር አግኝቷል።

አንድ የሕክምና ተማሪ ደግሞ ማርስ ላይ ያለ መከላከያ ውጭ የወጣ ሰው ዓይን ፊልሙ ላይ እንዳለው አይጎለጎልም ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። የማርስ አየር ግፊት ከምድር አንድ በመቶ አይሞላም፣ ሰው በ15 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል እንጂ እንደ ፊኛ አይፈነዳም። እኔ ለራሴ ወገን ነው የማውለው፦ ፊዚክስ ያልተማረ ግንበኛ ሲያልም እንዲህ ያልማል።

እንግዲህ ሥራው። እጄ ላይ ያለው ኮፒ የቲቪ ነው፤ ጎንና ጎኑ ተቆርጦ ካሬ ሊመስል ደርሷል፣ የደረጃው ተኩስም አጥሯል። ትክክለኛው ስፋቱ የቁመቱ 1.85 እጥፍ፣ ርዝመቱ 113 ደቂቃ መሆን አለበት፤ ካለህ ይዘህልኝ ና። ዩፒኤስም ካለህ። መብራት ድንገት ከሄደ የፕሮጀክተሩ አምፖል ሳይበርድ አይነሳም፣ ልጆቹ ደግሞ ሆቴሉ ክፍል ላይ ቆሞባቸው ለሻይ ከወጡ አለቀ። ሌላው፣ ማብሪያው አጠገብ አንተ ቁም። ነጩ ሲመጣ ፊልሙ ያለቀ መስሎት መብራት የሚያበራ አይጠፋም፤ እጁን ያዝልኝ።

በእግር ከመጣህ ዶሮ ማነቂያን ምልክት አታድርግ፣ በእኛ 2016 ፈርሷል። እዚያ ቁርስ እንበላ ነበር ብትላቸው ትዝታ የተተከለልህ ነው የሚመስላቸው።

ሌላ አንድ ነገር... ኮፒህን ይዘህ ና ያልኩህ ለምን እንደሆነ ገብቶህ ይሆናል። የሃርድ ዲስክህ ላይ ነበረ። ከጠረጴዛ ወድቆብኝ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አይነበብም። ሳህኑን እንዳይፍቀው ብዬ ደግሜ አልሰካሁትም፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ስልክህን ማንሳት ያቆምኩትም ያኔ ነው። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።