የጣሪያችን ውሃ የት ይሂድ?

ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች፤

ክረምቱ ሳይጠና አንድ ነገር እንነጋገር። አምና የላይኛው ግቢ አሸንዳ ውሃውን በቀጥታ እኛ አጥር ላይ ይደፋው ነበር። የጭቃ ግድግዳችን ከሥሩ ርሶ ልስኑ ረገፈ። ጎረቤቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግቢውን ሊሾ ሲያስደርግ ውሃው የት እንደሚሄድ አላሰበበትም፣ በቃ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ይሆናል። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ 2,000 ሊትር፣ ማለትም 10 በርሜል ወረደ ማለት ነው። ሰፈራችን ቀበና ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ላይ ቤት የለቀቀው ታች ቤት ሳሎን ይገባል።

አሸንዳችሁን ከቅጠል ጥረጉ። መውረጃውን ከአጥር አርቃችሁ ወደ መንገዱ ቦይ አዙሩት። ሮቶ ያለው ያጠራቅም፣ ለልብስ አጠባ ይሆናል። ከሽንት ቤት መስመር ጋር ግን እንዳታገናኙት! ዶፍ ሲጥል መስመሩ ሞልቶ ወደ ቤት ይመለሳል። ሽታውን እኔ አልነግራችሁም።

እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመንገዱን ቦይ እንጠርጋለን። አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።