የትምህርት ቦርዱ የምርጫ ካርታ የስኩል ዲስትሪክቶችን ወሰን ይከተል

ለቴክሳስ ሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልል አከላለል ኮሚቴዎች
ኦስተን

ክቡራንና ክቡራት የኮሚቴዎቹ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዳላስ ካውንቲ ልጆች የማሳድግ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ስሆን፣ የምጠይቀውም እ.ኤ.አ. ከ2030 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የግዛቱ ትምህርት ቦርድ የምርጫ ክልሎች እንደገና ሲከለሉ መስመሩ በተቻለ መጠን የስኩል ዲስትሪክቶችን (የየአካባቢውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩ ወረዳዎችን) ወሰን እንዲከተል ነው።

ልጆቻችን በየክፍሉ ሊያውቁት የሚገባውን የትምህርት መመዘኛ የሚያጸድቀው ይህ 15 አባላት ያሉት ቦርድ ነው። በ2020 ቆጠራ የግዛቱ ሕዝብ 29,145,505 ስለነበረ አንድ የቦርድ አባል 1.94 ሚሊዮን ያህል ሰው ይወክላል፤ ይህም አንድ የቴክሳስ የኮንግረስ አባል ከሚወክለው ሕዝብ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ክልሉ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ወላጅ የተወካዩን ስም ባያውቅ አይፈረድበትም።

ዳላስ ካውንቲ በዚያው ቆጠራ 2.6 ሚሊዮን ነዋሪ ስለነበረው በአንድ ክልል ሊጠቃለል አይችልም፤ ስለዚህ መከፈሉን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ የሚከፈልበት ቦታ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በጋርላንድና በሪቻርድሰን መስመሩ አንዱን ስኩል ዲስትሪክት ለሁለት ቢሰነጥቀው፣ ልጆቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ የሚማሩ ሁለት ቤተሰቦች ለተለያዩ ተወካዮች ድምፅ ይሰጣሉ፤ በታሪክ ወይም በሳይንስ ትምህርት ይዘት ላይ ቅሬታ ቢኖራቸውም አብረው የሚያቀርቡለት አንድ ሰው አይኖራቸውም። የሕዝብ ብዛት ተመጣጣኝነትና በምርጫ የዘር መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ መቅደም እንዳለባቸው አልዘነጋሁም። ሆኖም እነዚህ ሳያስገድዱ ስኩል ዲስትሪክት የሚቆረጥ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ መቆረጥ ምክንያቱ በጽሑፍ ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል።

ጊዜውም ያሰጋኛል። በ2021 የቆጠራው ውጤት ዘግይቶ በኦገስት በመድረሱ፣ የቦርዱ ካርታ የጸደቀው ከሴፕቴምበር 20 እስከ ኦክቶበር 19 በቆየው የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ልዩ ጉባኤ ሲሆን፣ በዚያው ጉባኤ የኮንግረስ፣ የሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት ካርታዎችም ነበሩ። ፖለቲከኛው ሁሉ ዓይኑን የራሱ ወንበር ላይ በተከለበት ወቅት የትምህርት ቦርዱን ካርታ ማን ልብ ብሎ ያያል? በ2031ም ውጤቱ በሕጉ ቀነ ገደብ በኤፕሪል 1 ቢደርስ እንኳ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ለ140 ቀናት ከሚቆየው መደበኛ ጉባኤ የሚቀረው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው።

ስለሆነም በአከላለል መመዘኛዎቹ ላይ የሚደረገው የሕዝብ ውይይት ቁጥሩን ሳይጠብቅ በ2030 እንዲጀመር፣ አንዱ መድረክ በዳላስ ካውንቲ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲካሄድና አማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብለት፣ የቦርዱ ረቂቅ ካርታም ከሌሎቹ ተለይቶ ድምፅ ከመሰጠቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይፋ እንዲደረግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳላስ ካውንቲ ወላጅ